ሰማያዊው ያልለቀቀበት ማር

ባለፈው ሳምንት ዩምናን ስንለያት በደስታ ዓይኗን ጨፍና ነበር። ዛሬ ማክሰኞ ያገኘናት ዓይኗን ከፍታ፣ አንዲት የመስታወት ቱቦ ላይ ተክላ ነው።

ለደስታዋ ምክንያት ነበራት። የአሊዩ አምባው ማር ነጋዴ፣ የሀጂ ዘይኑልአቢዲን ልጅ ሀምዳን፣ አንድ ዓመት ሙሉ ወዷታል። እሷም ወዳዋለች። እናቱ እትዬ ዙቤዳ ግን «የሸማኔ ልጅ ለቤቴ ምራት አትሆንም» ብለው ዓመቱን ሙሉ አሻፈረኝ እንዳሉ ኖሩ። ከዚያ ባለፈው ሳምንት ሰኞ፣ ማንም ሳይለምናቸው፣ እሺ አሉ። የፊታችን አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ሽማግሌዎች ወደ አባቷ ወደ አቶ ዓብዱራህማን ቤት እንዲሄዱ ተቆረጠ።

እሺ ባሉ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሀምዳን ለምርመራ አንድ የማር ጠርሙስ ይዞ ደብረ ብርሃን መጣ። ዩምና የምትሠራው ማር ገዝቶ ወደ ውጭ አገር በሚልክ ድርጅት፣ በአንዲት ጠባብ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ናሙናው ካለፈ ድርጅቱ የሀጂን የዓመት ማር በሙሉ ይረከባል።

ምርመራው ቀላል ነው። ስታርች አዮዲን ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል። ንቦች ከዕጢያቸው አመንጭተው ማሩ ውስጥ የሚተዉት ኢንዛይም ደግሞ ያንን ስታርች እየቆራረጠ ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ስለዚህ ማሩንና ስታርቹን አንድ ላይ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀምጦ፣ በየአምስት ደቂቃው ጥቂት እየቀዱ አዮዲን ጠብ ማድረግ ነው። ማሩ ሕያው ከሆነ ሰማያዊው በየተራው እየደበዘዘ ሄዶ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይለቃል። ስኳር አቅልጦ ማር ነው የሚል ሰው ቀለሙን ሊያስመስል ይችላል፤ ወፍራምነቱንም ሊያስመስል ይችላል። ይህችን ኢንዛይም ግን አያገኛትም።

ግማሽ ሰዓቱ አለፈ። የመጨረሻዋ ቱቦ እንደ መጀመሪያዋ ሰማያዊ ነበረች።

«ሰዓትሽ ቆሞ እንዳይሆን» አሉ የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ገብረአብ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

«ሦስተኛዬ ነው ጋሼ።»

ተነስተው መጡና ጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን ስም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። «ያ ቀጭኑ ልጅ ነው ያመጣው? በሳምንት ሁለቴ እየመጣ ስለ ሙቀት መለኪያ የሚጠይቅሽ?»

«እሱ ነው።»

«እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ስለ ሙቀት መለኪያ የጠየቀኝ ሰው የለም» ብለው ሳቁ። ዩምና አልሳቀችም። እሳቸውም ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የኔ ልጅ፣ በሰው መሃል ክፉ ነገር መዝራት አልወድም። ግን ማህተም በእጇ ያለች ልጅ ፈላጊዋ ብዙ ነው። ከፈላጊው መሃል የትኛው እሷን፣ የትኛው ማህተሙን እንደፈለገ በምን ይታወቃል?»

ዩምና ቱቦዎቹን ወደ እሳቸው ገፋች። «አራተኛውን እርስዎ ይሥሩልኝ» ብቻ አለች።

ሠሩላት። ሰማያዊ።

እሳቸው እጃቸውን ሲታጠቡ እሷ መስኮቱ ጋ ቆመች። አንድ ቀን ሀምዳን እዚሁ ቆሞ «ለመሆኑ የበላነው ማር የት ይሄዳል?» ብሏት ነበር። «ሴል ስኳርን እንደ ማገዶ በአንዴ አያነደውም፤ ደረጃ በደረጃ ይፈታዋል፣ ከየደረጃው ትንሽ ትንሽ ጉልበት ይወስዳል» አለችው። «እንግዲያ ቀስ የሚል ሰው ጉልበት ይተርፈዋል፤ እናቴን ቀስ እላታለሁ» ብሎ አሳቃት። ያን ቀን ማታ በአልጋዋ ላይ ሆናም ብቻዋን ስቃለች። አሁን ያው ነገር ሲመጣባት ሳቅ አልመጣም። ስለ ስኳርና ስለ ንብ ያን ያህል የጠየቀው ለምን ነበር? ምርመራው እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ? አንድ ጊዜ የጠረጠረች ልብ ያለፈውን ሁሉ እንደገና ትመዝናለች፤ ሚዛኑም አንድም ቀን ሞልቶ አይገኝም።

ውጤቱን ጻፈች። ፈረመች። ማህተሙን መታች።

ሀምዳን ከሰዓት በኋላ መጣ። የሹራቡን አንገት እስከ ጆሮው ስቧል፤ ከደጅ የመጣው ብርድ አብሮት ገባ።

«አሰላሙ ዐለይኪ። አለፈ?»

ሰላምታውና ጥያቄው መሃል ትንፋሽ እንኳ አልነበረም። ዩምና ይህንንም መዘገበችው። ወረቀቱን ሰጠችው። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«የኢንዛይም ሥራ አልታየም ማለት ምን ማለት ነው?»

«ወይ ማሩ የንብ አይደለም፤ ወይ ውስጡ የነበረው ሞቷል።»

«ስኳር ነው እያልሽኝ ነው።»

«እኔ አላልኩም። ወረቀቱ ነው ያለው።»

«ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን እዚህ ቆሟል።» ቀና ብሎ አያት። ያቺን አተያይ አታውቃትም ነበር፤ ገበያ ላይ ሚዛን የሚያስተካክልን እጅ የሚጠብቅ ሰው አተያይ ነበረች። «እናቴ ዓመቱን ሙሉ ያለችሽን አልረሳሽም፣ አይደል?»

«አልረሳሁም። እናትህ ዓመቱን ሙሉ እንቢ ብለው፣ ማሩ በመጣበት ሳምንት እሺ ያሉት ለምንድን ነው?»

የጠየቀችው እሷ ሆና ሳለ የደነገጠችውም እሷ ነበረች። ቃሉ ከአፏ እስኪወጣ ድረስ ውስጧ መኖሩን እንኳ በቅጡ አላወቀችም።

«ይህን ከጠዋት ጀምሮ ነው የያዝሽው» አላት ቀስ ብሎ፣ «ወይስ እሺ ካለችበት ቀን ጀምሮ?»

ዩምና ልትመልስ አፏን ከፈተች። ውሸት ለመናገር ጊዜው አጠረባት፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ድፍረቱ። ሀምዳን ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፎ ኪሱ ከተተና ወጣ። ሁልጊዜ ሲሄድ መስኮቱ ስር ቆም ብሎ ዞር ይል ነበር። እሷም ትጠብቀው ነበር። ዛሬም ጠበቀችው፤ መንገዱ ላይ የቀረው ነፋሱ ብቻ እስኪሆን ድረስ።

ረቡዕ ጠዋት የድርጅቱ በር ጠባቂ ከአንኮበር በመጣ ሚኒባስ የተላከ ደብዳቤ ሰጣት።

«ዩምና፣

ያልደወልኩት በስልክ ብናወራ ስለምጮህ ነው። ከጮህኩ ያልሆነውን እናገራለሁ። ጽሑፍ ግን ያቀዘቅዛል።

ይህን ማር ከቆላ ሰዎች ስንረከብ እያንዳንዱን ቆርቆሮ በእጄ ነው የተቀበልኩት። እያንዳንዱን ቀምሻለሁ። ቤታችን ስኳር የሚገባው ለሻይ ነው። ለላቦራቶሪው የሚሄደውን ጠርሙስ ደግሞ እናቴ ለማንም አልሰጥም ብላ በራሷ እጅ አዘጋጀችው፤ አንድ ቀን ሙሉ ስትደክምበት ውላ፣ ላቧን እየጠረገች ነው የሰጠችኝ።

ታዲያ ምን ልበል? ወይ እናቴ አታላይ ናት፤ ወይ አንቺ ተበቅለሽናል። ሁለቱንም ማመን አቃተኝ፤ ሁለቱንም መጠርጠር ግን አላቃተኝም። ከራሴ ያስፈራኝ ይህ ነው። ሦስተኛ ነገር ካለ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ ትምህርቱ የለኝም።

አርብ ሽማግሌ አልልክም። አባትሽን ካስቀየምኩ ይቅር ይበሉኝ።

ሀምዳን»

ቆማ አነበበችው፤ ተቀምጣ ደገመችው። በመጀመሪያ ያመማት የመጨረሻው መስመር ነበር። ከዚያ፣ ሥራዋ ጥርጣሬ ነውና፣ እንደ ናሙና እየለየች ታነበው ጀመር። አንዲት ሐረግ ላይም ቆመች። አንድ ቀን ሙሉ ስትደክምበት ውላ። ማር በጠርሙስ መሙላት ምን ድካም አለው? ከቆርቆሮ ይጨለፋል፣ ይከደናል። ለዚህ ማን ያልበዋል?

ልትመረምረው የሚገባት ግን በመጀመሪያ ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ማሩ የንብ ነው ወይስ የስኳር? ከዚያው ጠርሙስ ጥቂት ማር በውሃ በጠበጠች፣ አጠለለች፣ ዝቃጩን ማይክሮስኮፕ ስር አስገባች።

የአበባ ብናኝ ሞልቶበት ነበር። የግራር አበባ ብናኝ ነጠላ አይደለም፤ አሥራ ስድስት እየሆነ፣ ተቃቅፎ እንደ ኳስ ተድቦልብሎ ይገኛል። አንዱን ቆጠረች፤ ሌላውን ቆጠረች። በስኳር የተሠራ ማር ይህን ሁሉ ግራር ከየት ያመጣል?

«ጋሼ፣ ይህ ማር የንብ ነው» አለች።

ጋሽ ገብረአብ ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ ቆዩ። «የንብ ነው። ሞቷል እንጂ። የገደለውን ፈልጊ» አሉና ቀና አሉ። «ነገ ፈቃድ ሰጥቼሻለሁ። ስለ ፈላጊ የነገርኩሽን ደግሞ የሽማግሌ ወሬ ነው ብለሽ ተይው።»

አልተወችውም። በልቧ ይዛው ሄደች።

ከአንኮበር በኋላ መንገዱ ቁልቁል ይወርዳል። ዩምና ሹራቧን አወለቀች፤ ጥቂት ቆይታ ሻርፗን አላላች። አሊዩ አምባ ስትደርስ ፀሐይዋ ከላይ ቆማ ነበር።

ያልተጠየቀች ልጅ፣ ለዚያውም ሽማግሌ ቀርቶባት፣ በእግሯ ወደ ወንዱ ቤት ስትሄድ የሚባለውን ታውቃለች። የሀጂን ግቢ እስክትደርስ ሦስት በሮች ሲከፈቱ ሰምታለች። ወደ ኋላ አላየችም።

እትዬ ዙቤዳ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ማሽላ ይለቅሙ ነበር። ቀና ብለው አይተዋት ወደ ማሽላቸው ተመለሱ።

«ማህተምሽን ይዘሽ መጣሽ?»

«አልያዝኩም እትዬ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«ጠይቂ። ስኳሩን ከየትኛው ሱቅ እንደገዛሁት ነው?»

«ስኳር የለበትም። ትናንት አረጋግጫለሁ። የግራር ማር ነው።»

የእትዬ ዙቤዳ እጅ ማሽላው ላይ ቆመ። ግን ቶሎ አላመኑም፤ ሌላ ወጥመድ የምትጠብቅ ሴት ይመስሉ ነበር። «እንግዲያ ለምን ጣልሽው?»

«ጠርሙሱን ሲያዘጋጁ ምን እንዳደረጉበት ይንገሩኝ።»

«ምን አደርግበታለሁ?»

«ሀምዳን ቀኑን ሙሉ ደከመችበት ብሎኛል።»

አንዲት ጠጠር ለቅመው ወረወሩ። ከቤት ውስጥ የሰው እግር ድምፅ ተሰማ፤ ሀምዳን በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ዩምናን ሲያይ የሆነ ነገር ፊቱ ላይ በርቶ ወዲያው ጠፋ። ማንም አልተቀመጠም፤ ማንም አልተነሳም።

«አምና» አሉ እትዬ ዙቤዳ፣ ማሽላውን እያዩ፣ «ሀጂ አምስት ቆርቆሮ ይዘው ደብረ ብርሃን ወጡ። ከዚህ ሲነሳ እንደ ውሃ የሚፈስ ማር ነው። እዚያ ባደረ በሁለተኛው ቀን ብርዱ አረጋው፤ ነጭ ሆነ፣ ጠጠር ጠጠር አለ። ከተሜው አየና ስኳር ነው አለ። ሀጂን፣ ያንን ሰውዬ፣ በአደባባይ ሌባ አሏቸው። መልሰው ይዘውት መጡ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ሲቆሙ ዓይናቸው መሬት ነው።» ትንፋሽ ወሰዱ። «እና የላቦራቶሪው ደግሞ ወደዚያው ብርድ የሚሄድ ነው። እንዳይረጋ ብዬ ጠርሙሱን የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር እየለወጥኩ፣ ከእሳት ዳር ሳልነሳ ከጠዋት እስከ መግሪብ አፈላሁት። አንቺ እንዳትጠረጥሪኝ ብዬ።»

ዩምና ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማር ይረጋል እትዬ። ጥሩ ማር ይረጋል። ሌብነት አይደለም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ?»

«ንቧ ማሩ ውስጥ የምትተወው አለ፤ እኛ የምንለካው እሱን ነው። ፕሮቲን ነው። አባቴ የሚሠራበትን ክር ያውቁት የለ? ፕሮቲንም ረጅም ክር ነው፤ ግን እንዲሁ አልተዘረጋም፣ በራሱ ላይ ተጠቅልሎ፣ ተቋጥሮ ቅርጽ ይዟል። ሥራውን የሚሠራው በዚያ ቅርጹ ነው። ብዙ ከፈላ ይተረተራል። ክሩ አለ፤ ቅርጹ የለም። የተቀቀለ እንቁላል ጥሬ ሆኖ እንደማይመለስ ነው።»

«ስለዚህ ማሩ እውነት ነበር» አሉ እትዬ ዙቤዳ ቀስ ብለው፣ «እውነት እንዲመስል ብዬ ገደልኩት።»

«እኔን ፈርተው ነው» አለች ዩምና።

ሀምዳን ከበሩ ወርዶ መጣና ከፊቷ ቁጢጥ አለ። «በቀል አይደለም ማለት ነው።»

«አይደለም።»

«እኔ ግን በቀል ነው ብዬ አሰብኩ። ሁለት ቀን ሙሉ።»

«እኔም አንተ ለማህተሙ ነው የመጣኸው ብዬ አሰብኩ።» ይህን ስትናገር ዓይኑን ማየት ነበረባት፤ አየችው። «ከማክሰኞ ጠዋት ጀምሮ አይደለም። የጠየቅከኝ ልክ ነበር። እናትህ እሺ ካሉበት ቀን ጀምሮ ነው። ደስ እያለኝም እጠረጥር ነበር።»

ሀምዳን የሆነ ነገር ሊል ሲል እናቱ ቀደሙት።

«ልጄን አትጠርጥሪው» አሉ። «እኔን ጠርጥሪ። ማህተሙን አላሰብኩም ብል ዋሸሁ። ባለቤቴ ገበያ መሃል አንገታቸውን ሲደፉ አይቻለሁ፤ አንቺ ደግሞ ያንን አንገት ቀና የምታደርጊበት ወረቀት በእጅሽ አለ። የሸማኔ ልጅም ትሁን፣ ትግባ አልኩ። ወላሂ አሰብኩት። እሱ ግን አያውቅም። ዛሬ ነው የሰማው።»

የሀምዳን ፊት ቀላ። ወደ እናቱ ዞሮ አያቸው። ከዚያ አተያይ ይልቅ ቢጮህ ለእትዬ ዙቤዳ ይቀላቸው ነበር።

ዩምና ግን ያልጠበቀችው ነገር ሆነባት። ቀለላት። ዓመቱን ሙሉ እኚህን ሴት ስትፈራ ኖራ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚናገሩትን በሙሉ አመነቻቸው።

«ሌላውስ ቆርቆሮ?» አለች። «አፍልተውታል?»

«አልነካሁትም። እንደመጣ ነው ያለው።»

እውነት ይሆን? ሐሳቡ ከልቧ ጥግ ብቅ አለ፤ አንድ ማንኪያ ጨልፋ ይዛ ብትሄድ እስከ ነገ ማታ ታውቀው ነበር። እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«እኔ አልመረምረውም። የዚህ ቤት ሰው ልሆን ከሆነ የዚህን ቤት ማር መንካት አልነበረብኝም፤ ያ የኔ ጥፋት ነው። ጋሽ ገብረአብ እንዲሠሩት እነግራቸዋለሁ። አዲሱን ናሙና ነገ ላኩ፤ ውጤቱ ሰኞ ይደርሳል።»

«እንግዲያ ማህተም የሌላት ምራት ልታመጣብኝ ነው» አሉ እትዬ ዙቤዳ ልጃቸውን። ቀልድ ነበር፤ ግን ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ሽማግሌዎቹ ከሰኞ በኋላ ይሂዱ» አለች ዩምና። «ውጤቱ ይታወቅና...»

«ለምን?» አላት ሀምዳን።

«ካለፈ ደስ ብሏችሁ እንድትመጡ። ካላለፈ ደግሞ...»

አልጨረሰችውም። ምን ልትል እንደነበር ሦስቱም ገብቷቸዋል። ካላለፈ ደግሞ እንዳትመጡ።

እትዬ ዙቤዳ ማሽላውን ከጭናቸው አራግፈው ተነሱ። «አንተ» አሉ ልጃቸውን፣ «ሂድና ለሽማግሌዎቹ፣ ለሼሁም ለእነ ሰዒድም ንገራቸው። ነገ ከጁምዓ በኋላ ይሄዳሉ። የሰኞው ወረቀት ሲመጣ ቃል ተሰጥቶ ያግኘው። አለበለዚያ እኔ እስክሞት ለማር ብላ ነው ትለኛለች፤ እኔም እስክሞት ለማር ብዬ ይሆን እላለሁ።»

ሀምዳን አልተንቀሳቀሰም። ዩምናን እያየ ነበር፤ ፈቃዷን የሚጠይቅ አተያይ ነበር፣ ሚዛን የሌለበት። እሷ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

የአባቷ ቤት ከሀጂ ግቢ ብዙ አይርቅም። ከሩቅ የሽመናው መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል፤ ወዲህ፣ ወዲያ። አቶ ዓብዱራህማን ከእጅ ሥራቸው ቀና ብለው ልጃቸውን አይተው ተገረሙ።

«በሐሙስ? ታመምሽ እንዴ?»

«ደህና ነኝ አባዬ። ነገ እንግዳ አለብን። ከሀጂ ቤት።»

እግራቸው መርገጫው ላይ ቆመ። ዓመቱን ሙሉ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አንስተው አያውቁም ነበር፤ የተነገረውን ግን ሁሉንም ሰምተዋል፤ የማሩንም ወሬ ሰምተዋል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ማሩ አለፈ እንዴ?»

ዩምና ጥያቄው እንደ እሾህ ሲወጋት ተሰማት። የሷ ጥርጣሬ ለካ ከዚህ ቤት ነበር የተወለደው፤ ዓመቱን ሙሉ ዝም ካሉ ሰው።

«አይታወቅም። ውጤቱ ሰኞ ነው።»

«ሰኞ?» አሉ። አርብንና ሰኞን በልባቸው አስቀደሙ፣ አስከተሉ። «ሳይታወቅ ነው የሚመጡት?»

«ሳይታወቅ ነው።»

አቶ ዓብዱራህማን ከሽመና ጉድጓዳቸው እየተደገፉ ወጡ። የሱሪያቸውን ብናኝ አራገፉ፤ እንደገና አራገፉ፣ የሚራገፍ ነገር ሳይኖር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ቆሙ፤ ልጃቸው ዓይናቸውን እንዳታይ።